«ልጁ መማር ይችላል የሚል የሐኪም ወረቀት አምጡ» ስትባሉ



ክረምቱ ሊወጣ ሲልና የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲጀመር ወደ ምርመራ ክፍሌ የሚመጣው ሰው ጥያቄ ይቀየራል። ልጁን አላመመውም፤ አያስለውም፤ አያተኩሰውም። እናት ወይም አባት ይቀመጡና «ዶክተር፣ ወረቀት ፈልገን ነው» ይላሉ። የምን ወረቀት? «ልጁ ከሌሎች ልጆች ጋር መማር ይችላል የሚል። ካላመጣችሁ አንመዘግብም ተባልን።»

ይህ ጥያቄ በኮሜንትም በውስጥ መስመርም ስለበዛ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ረዘም ይላል፤ ግን አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ካላችሁ፣ መምህር ከሆናችሁ፣ ወይም ልጃችሁ ከእንዲህ ዓይነት ልጅ ጋር የሚማር ከሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ «መማር ይችላል ወይስ አይችልም?» ለሐኪም የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም። በራሱ ፍጥነትና መንገድ ከሆነ፣ ምንም መማር የማይችል ልጅ የለም። ሐኪም መመለስ የሚችለው «ይህ ልጅ እዚህ ክፍል ውስጥ እንዲማር ምን ያስፈልገዋል?» የሚለውን ነው። እኔም ወረቀት ስጽፍ የምመልሰው ይሄኛውን ነው። እንዴት እንደሆነ አብረን እንይ።

አካቶ ትምህርት ምንድን ነው?

አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች የሚማሩባቸው ሦስት ዓይነት መንገዶች አሉ።

1. ልዩ ትምህርት ቤት፦ ለምሳሌ ለዓይነ ስውራን ብቻ ወይም መስማት ለተሳናቸው ብቻ የተከፈተ።
2. ልዩ ክፍል፦ በመደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሆኖ ለብቻው የተለየ ክፍል።
3. አካቶ ትምህርት፦ ልጁ በሰፈሩ ትምህርት ቤት፣ ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ክፍል ሆኖ የሚያስፈልገው ድጋፍ እዚያው የሚሰጠው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ልጁን መዝግቦ የኋላ ወንበር ላይ ማስቀመጥ አካቶ አይደለም። መምህሩ የሚናገረውን ሳይሰማ፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሳያይ፣ ሽንት ቤት መግባት ሳይችል ዓመቱን የሚጨርስ ልጅ ክፍል ገባ እንጂ ተካተተ አይባልም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በስፔን ሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታት ተወካዮች ተሰብስበው መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ልጆች እንዲቀበሉ የሚጠይቅ መግለጫ አውጥተዋል። አገራችንም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ የትምህርት ሥርዓት እንዳይገለል ይላል። ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቶ በ2012 አሻሽሎታል።

ስለዚህ ልጃችሁን ስታስመዘግቡ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም። ይሄን ያዙልኝ።

ከሁሉ በፊት ጆሮና ዓይን ይታይ

«ሰነፍ ነው»፣ «ልቡ እዚህ የለም»፣ «እልኸኛ ናት» ተብለው ከሚመጡልን ልጆች ውስጥ ችግራቸው ማየት ወይም መስማት የሆነ ብዙ ናቸው። ልጅ ደግሞ «አይታየኝም» ብሎ አይነግራችሁም። ዓለም ለሁሉም ሰው እንደዚያ ብዥ ያለች ይመስለዋላ! ሲያድግ ጀምሮ የሚያውቃት እንደዚያ ነው።

እነዚህን ምልክቶች ተከታተሉ፦

👉 ከሰሌዳ ሳይሆን ከጎኑ ካለው ልጅ ደብተር የሚገለብጥ
👉 ዓይኑን አጥብቦ ወይም አንገቱን አዘንብሎ የሚያይ፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚለጠፍ
👉 ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር፣ ፊት ለፊት ሲያናግሩት ግን የሚመልስ
👉 «ምን? ምን?» የሚያበዛ፣ ወይም ሌሎች ልጆች ያደረጉትን አይቶ ተከትሎ የሚያደርግ
👉 ጆሮው በተደጋጋሚ የሚመግል ወይም ፈሳሽ የሚወጣው
👉 በእኩያዎቹ ዕድሜ ንግግሩ ያልጠራ

ከእነዚህ አንዱ ካለ፣ ስለ ትምህርት ቤት ከመከራከራችሁ በፊት የዓይን ምርመራና የመስማት ምርመራ አስደርጉ። ለጆሮ ወደ አንገት በላይ ሐኪም፣ ለዓይን ደግሞ እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ወዳሉ የዓይን ሕክምና ወደሚሰጥባቸው ቦታዎች መሄድ ይቻላል። አንዳንዱ ልጅ መነጽር ብቻ ነው የሚፈልገው። «መነጽር ካደረገ ዓይኑ ይሰንፋል» የሚባለው እውነት አይደለም። ትክክለኛ መነጽር ዓይን አያደክምም፤ የሚያደክመው ያለ መነጽር መታገል ነው።

የሚመግል ጆሮም «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሳይታከም ሲቆይ የመስማት አቅምን ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉ መከላከል የሚቻል ነው።

አሁን ወደየጉዳቱ ዓይነት እንግባ። ከእያንዳንዱ ጋር ክፍል ውስጥ ምን ቢደረግ እንደሚሻል እነግራችኋለሁ።

1. በከፊል የሚሰማ ልጅ

ሰው የመስማት ችግር ሲባል ድምፅ ጭራሽ አለመስማት ይመስለዋል። ብዙዎቹ ልጆች ግን ድምፁን ይሰማሉ፤ ቃሉን ነው የማይለዩት። እንደ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ሽ» ያሉ ድምፆች ቀጭንና ደካማ ስለሆኑ ቀድመው ይጠፋሉ። መምህሯ «ሠራ» ስትል ልጁ «ፈራ» ብሎ ይጽፋል። ቀይ እስክሪብቶ ያርፍበታል። ልጁ ግን የሰማውን ነው የጻፈው።

ሌላው ርቀት ነው። ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ከመምህሩ 1 ሜትር ላይ 60 ዴሲቤል የነበረው ንግግር 4 ሜትር ላይ ወደ 48 ይወርዳል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልስ ቁጥሩ ትንሽ ይለያያል፤ ግን ያው ግድግዳ የልጆቹንም ጫጫታ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ወንበር መዛወር ለዚህ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋው ደግሞ ዜሮ ብር!

👉 ፊት ወንበር፣ የተሻለ የሚሰማው ጆሮ ወደ መምህሩ ዞሮ፣ ከበርና ከመስኮት ጫጫታ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።
👉 መምህሩ ወደ ሰሌዳ ዞሮ እየጻፈ አይናገር። ይጻፍ፣ ከዚያ ዞሮ ይናገር። ልጁ ከንፈርም ያነባልና።
👉 የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ካለው ባትሪው በየጊዜው ይታይ። መሣሪያው ጫጫታውንም አብሮ እንደሚያጎላ መምህሩ ይወቅ።

2. ጨርሶ የማይሰማ ልጅ

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። ጨርሶ የማይሰማን የ6 ዓመት ልጅ፣ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አንድም ሰው በሌለበት ክፍል ማስገባት አካቶ አይባልም። የልጅ አንጎል ቋንቋን በቀላሉ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። በድምፅም በእጅም ቋንቋ ሳያገኝ ያደገ ልጅ በኋላ ለማሰብም፣ ለማንበብም፣ ስሜቱን ለመግለጽም ይቸገራል። ስለዚህ ለዚህ ልጅ የመጀመሪያው ጥያቄ «የምልክት ቋንቋ የት ያገኛል?» ነው። መልሱ ልዩ ትምህርት ቤት ወይም ልዩ ክፍል ሊሆን ይችላል። በኋላም በአስተርጓሚ ወደ መደበኛ ክፍል ሊገባ ይችላል። ቤተሰቡም አብሮ የምልክት ቋንቋ ይማር። ከወንድምና ከእህቱ ጋር የማይግባባ ልጅ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር እንዴት ይግባባል?

3. በከፊል የሚያይና የማያይ ልጅ

በመነጽርም የማይስተካከል የማየት ችግር ያለበት ልጅ ሁሉ ብሬል አያስፈልገውም። ብዙዎቹ በትልቅ ጽሑፍ፣ በወፍራም ጥቁር እስክሪብቶና በጥሩ ብርሃን ያነባሉ። ሁሉንም ፊት ለፊት ማስቀመጥ ግን አይበቃም። ለምሳሌ አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ዓይኑ ብርሃን አይችልም። ሰሌዳው አጠገብ ቢቀመጥም መስኮቱ ፊት ለፊቱ ከሆነ አያይም። መስኮቱን ወደ ኋላው ያድርግ። ባርኔጣም ዩኒፎርም አይደለም ተብሎ አይከልከል፤ ለእሱ ዓይኑንም ቆዳውንም የሚከላከልለት የጤና ዕቃ ነው።

ለማያይ ልጅ ብሬልና የብሬል መጻፊያ ያስፈልጋል። ከመምህሩ የሚፈለገው ግን ከሁሉም የሚቀል ነው፦ የጻፈውን ጮክ ብሎ ማንበብ። «ይሄን ከዚህ ላይ ስንቀንስ ይሄ ይመጣል» የሚለው ለማያይ ልጅ ምንም ማለት አይደለም። «15ን ከ40 ላይ ስንቀንስ 25 ይመጣል» ካለ ግን ልጁ አብሮ ያሰላል። እንዲያውም ኋላ ሆኖ ያልታየው ሌላ ልጅም አብሮ ይጠቀማል።

የሕግ ባለሙያዋን የትነበርሽ ንጉሴን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። በ5 ዓመቷ ገደማ የዓይን ብርሃኗን አጣች። መጀመሪያ ሻሸመኔ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ ከዚያ አዲስ አበባ መጥታ ከሚያዩ ተማሪዎች ጋር በመደበኛ ትምህርት ቤት ቀጠለች። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። እሷን የጠቀስኩት ልጃችሁ የግድ እንደ እሷ ዝነኛ ይሁን ለማለት አይደለም። ልዩ ትምህርት ቤትና መደበኛ ትምህርት ቤት ጠላቶች እንዳልሆኑ፣ አንዱ ለሌላው መሸጋገሪያ መሆን እንደሚችል ለማሳየት ነው።

4. የእንቅስቃሴ ጉዳት ያለበት ልጅ

ብዙ ጊዜ የማየው ሴሬብራል ፓልሲ ነው። አንጎል በማደግ ላይ እያለ፣ በእርግዝና ወይም በወሊድ ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት፣ በሚደርስበት ጉዳት ይመጣል። ጡንቻን ማዘዝ ያስቸግራል። አንዳንዱ ልጅ ምራቁን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ንግግሩ ይጎተታል። ሰው ይህን አይቶ «አእምሮውም የለም» ይላል። ተሳስቷል። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ የአእምሮ እድገት ውስንነት የለባቸውም። ነገሩ ገብቶት አፉ የማይታዘዝለት ልጅ ስንት ነው!

👉 አቀማመጥ፦ እግሩ መሬት የማይነካ ልጅ ሰውነቱን ለማረጋጋት ሲታገል እጁ ይንቀጠቀጣል። እግሩ ሥር እንጨት ወይም ሳጥን አድርጉ። ጽሑፉ ሲሻሻል ታያላችሁ።
👉 ጊዜ፦ ፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠው፣ ወይም በቃል ይመልስ። የምንፈትነው ሒሳቡን ነው ወይስ የእጁን ፍጥነት?
👉 ክፍል፦ ክፍሉ ፎቅ ላይ ከሆነ ልጁን በየቀኑ ተሸክሞ ከማውጣት ሴክሽኑን በሙሉ ምድር ቤት ማውረድ ይቀላል።
👉 ራምፕ፦ የተለመደው ልኬት 1 ለ 12 ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ያስፈልጋል። ከዚያ ካጠረ ዊልቸሩን መግፋትም ማውረድም አደገኛ ይሆናል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር።

አሁን ማንም የማያወራውን ላውራ፦ ሽንት ቤት። ሽንት ቤቱ የማይመቸው ልጅ ምን ያደርጋል? ጠዋት ውኃ መጠጣት ያቆማል! ቀኑን ሙሉ ሳይጠጣ፣ ሽንቱን ቋጥሮ ይውላል። ከዚያ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ራስ ምታት ይዞ እኛ ጋ ይመጣል። ልጃገረዶች ሲሆኑ ደግሞ የወር አበባ ሲጀምራቸው ትምህርቱን እስከ ማቆም ይደርሳሉ። ትምህርት ቤት ስትመርጡ ከሰሌዳው በፊት ሽንት ቤቱን እዩ። በሩ ዊልቸር ያስገባል? ውስጡ የሚይዘው ብረት አለ? አብሮት የሚሄድ ሰው ማን ነው?

ለእግርና ለአጥንት ሕክምና፣ ለድጋፍ መሣሪያና ለፊዚዮቴራፒ መናገሻ ያለው ቼሻየርና አዲስ አበባ ያለው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ይታወቃሉ። በቅርባችሁ ያለው ጤና ተቋም ወደሚመለከተው ይመራችሁ።

5. የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ

በእኔ ልምድ ያለ በቂ ምክንያት ከትምህርት የሚቀሩት እነዚህ ልጆች ናቸው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ይወድቃሉ፤ «ሲሻለው ይምጣ» ይባላል፤ በዚያው ይቀራሉ። በሽታው ግን በንክኪም በአረፋም አይተላለፍም። መድኃኒቱን በትክክል ከሚወስዱት ልጆች አብዛኞቹ መውደቁ ይቆምላቸዋል።

ክፍል ውስጥ ከወደቀ፦

✅ ሰዓት ያዙ። አካባቢው ያለውን ወንበርና ስለታም ነገር አርቁ።
✅ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ በጎኑ አስተኙት።
✅ ሲነቃ ግራ ስለሚጋባ አጠገቡ ሁኑ፤ ይተኛ።
❌ አፉ ውስጥ ማንኪያ፣ እንጨት፣ ጣት አታስገቡ።
❌ ክብሪት ለኩሳችሁ አታሽትቱት። አይጠቅምም፤ ያቃጥላል።
❌ እጅና እግሩን ጨምቃችሁ አትያዙ።
🚑 ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ወይም ጉዳት ከደረሰበት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አንድ ደግሞ የማይጥል ዓይነት አለ። ልጁ ለጥቂት ሰከንዶች ዝም ብሎ ፈዞ ያፈጥጣል፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። በቀን ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። መምህሩ «ህልም እያየ ነው» ይላል። ይህን ያስተዋለ መምህር ለወላጅ ይንገር፤ ይታከማል። መድኃኒት የጀመረ ልጅ ደግሞ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ። ድንገት ማቋረጥ ብሶ እንዲጥለው ያደርጋል።

6. የአእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ (ለምሳሌ ዳውን ሲንድረም ያለበት) ከክፍሉ ጋር ያው ርዕስ ላይ ሆኖ የራሱ ግብ ይኖረዋል። ክፍሉ ማባዛት ሲማር እሱ ሳንቲም ይቆጥራል፤ ከሱቅ ዕቃ ገዝቶ መልስ መቀበል ይለማመዳል። መመሪያ አንድ በአንድ፣ አጠር ብሎ፣ በሥዕል ይሰጠው። ከሌላው ጋር ሳይሆን ካለፈው ሴሚስተር ከራሱ ጋር ይወዳደር።

ኦቲዝም በወላጅ አስተዳደግም በክትባትም አይመጣም። የአንጎል እድገት ልዩነት ነው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ይታወቃል። መምህራን እንዲይዙት የምፈልገው ይሄን ነው፦ ልጁ ጆሮውን ይዞ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ ለማስቸገር ሳይሆን ድምፁ ስለሚያመው ነው። ደወል ከመደወሉ በፊት ንገሩት። የቀኑን ፕሮግራም በሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፉለት። ሲጨናነቅ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ጥግ ይኑረው። «ጆሮህን ስጠኝ» ሳይሆን «ስማኝ» በሉት፤ ቃሉን እንዳለ ነው የሚወስደው።

ታዲያ ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

«አካል ጉዳት አለበት» ብቻ የሚል ወረቀት ትምህርት ቤቱን ያስፈራል እንጂ አይረዳም። ሐኪማችሁን እንዲህ ያለ ነገር እንዲጽፍ ጠይቁ፦

«ተማሪው በሁለቱም ጆሮዎቹ መካከለኛ የመስማት ችግር አለበት። የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ይጠቀማል። ሁኔታው ከመደበኛ ክፍል የሚያስቀረው አይደለም። በፊት ወንበር፣ ቀኝ ጆሮው ወደ መምህሩ ሆኖ እንዲቀመጥ፤ የቃል ጽሕፈት ፈተና ፊት ለፊት ሆነው እንዲሰጡት፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ እንዲሳተፍ፤ ጆሮው ፈሳሽ ካወጣ ለወላጅ እንዲነገር እመክራለሁ። ቀጣይ ቀጠሮው ከ6 ወር በኋላ ነው።»

አያችሁ? ስድስት መስመር ነው። ግን መምህሩ ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ጥሩ ወረቀት አምስት ነገር ይይዛል፦ ያለበት ሁኔታ፣ የሚችለው፣ የሚያስፈልገው፣ አደጋ ካለ ምን እንደሚደረግ፣ እና ቀጣይ ቀጠሮ። የልጁን ሙሉ የሕክምና ታሪክ ማስገባት አያስፈልግም፤ ያ የእሱ ምስጢር ነው።

«60 ተማሪ ይዤ እንዴት አድርጌ?»

መምህራን ይህን ሲሉ እረዳቸዋለሁ። ትክክል ናቸው፤ ሸክሙ ከባድ ነው። ግን ከላይ የዘረዘርኩትን እዩት፦ ወንበር መቀየር፣ ዞሮ መናገር፣ የጻፉትን ማንበብ፣ ደወል ቀድሞ መናገር። አብዛኛው ተጨማሪ ሰው አይጠይቅም። ብሬል፣ የምልክት ቋንቋና ፊዚዮቴራፒ ግን ከአንድ መምህር አቅም በላይ ነው። ለዚህ ነው የልዩ ፍላጎት ባለሙያና የአካቶ ትምህርት መርጃ ማዕከል የሚያስፈልገው። የእናንተ ትምህርት ቤት ከሌለው በአቅራቢያ ያለው የትኛው እንደሆነ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

የሌሎች ልጆች ወላጆችም «የኔ ልጅ ወደ ኋላ ይቀራል» ብለው ይሰጋሉ። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲታዩ አካል ጉዳት ካለበት ልጅ ጋር መማር የሌሎቹን ውጤት በአብዛኛው አይጎዳም። ልጆቻችሁን ቤት ውስጥ አንድ ነገር አስተምሩልኝ፦ ልጁን በጉዳቱ ሳይሆን በስሙ ይጥሩት።

ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለስ?

1. ተረጋግታችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው፤ «ቢወድቅብንስ? ቢጎዳብንስ?» ነው። ከላይ ያልኩት ዓይነት ወረቀት ብዙውን ፍርሃት ያቀላል።
2. ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ፤ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል «አይሆንም» ማለት ይቀላል፤ ፈርሞ ማለት ይከብዳል።
3. የወረቀቱን ኮፒና ማመልከቻችሁን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ካልሆነም ወደ ክፍለ ከተማው ሂዱ።
4. ከተመዘገበ በኋላ በየሴሚስተሩ ከመምህሩ ጋር ተገናኙ። «ምን ሠራ? ምን አልሠራም?» ብላችሁ አስተካክሉ። ወረቀቱም በየዓመቱ ይታደስ፤ ልጅ ያድጋል፣ ፍላጎቱም ይቀየራል።

በመጨረሻም ለወላጆች፦ ልጃችሁን ሰው እንዳያየው ብላችሁ ቤት ያስቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቤት የተቀመጠ ልጅ ፊደል ብቻ አይደለም የሚቀርበት። ጓደኛ ይቀርበታል፤ ተራ መጠበቅ፣ መጣላትና መታረቅ፣ «እኔም አለሁ» ማለት ይቀርበታል። እናንተ በሌላችሁበት ቀን የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው። ምዝገባው ሳይዘጋ በዚህ ሳምንት ጆሮና ዓይኑን አስመርምሩ፤ ትምህርት ቤቱንም ሄዳችሁ እዩ።

ጥያቄ ካላችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ፤ የልጃችሁን ስምና ፎቶ ግን አታስቀምጡ። ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ ነው፤ የልጃችሁን ሁኔታ የሚያየው ሐኪም ምርመራን አይተካም። ለምታውቁት መምህርና ወላጅ ሼር አድርጉላቸው።

መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንልን!